የጎረቤት ዛፍ ሥርና የቤት መሠረት በአዳማና በስምጥ ሸለቆ ከተሞች

በአዳማም ሆነ በሌሎች የኦሮሚያ ስምጥ ሸለቆ ከተሞች ጎረቤታሞችን ከሚያካስሱ ጉዳዮች አንዱ አጥር ተሻግሮ የሚገባ የዛፍ ሥር ነው። አቤቱታው አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው። የጎረቤቱ ዛፍ ሥር መሠረቱ ሥር እንደገባ፣ ግድግዳው እንደተሰነጠቀና ዛፉ እንዲቆረጥለት የሚጠይቅ ባለይዞታ ማመልከቻውን ለቀበሌ ወይም ለማዘጋጃ ቤት ያቀርባል። ባለዛፉ በበኩሉ ዛፉ አባቱ የተከሉት መሆኑን፣ ቤቱ ግን ትናንት መሠራቱን ያስረዳል።

ማመልከቻው የደረሰው ኃላፊ በሁለት መንገዶች መካከል ይቆማል። አንደኛው ጉዳዩን ለሽማግሌ መምራት፣ ሁለተኛው ዛፉ እንዲቆረጥ መፍቀድ ነው። ሁለቱም ፋይሉን ይዘጋሉ። ከሁለቱም በፊት መጣራት የነበረበት ጥያቄ ግን ሳይነሣ ይቀራል፤ ግድግዳውን የሰነጠቀው በእርግጥ ሥሩ ነው ወይ? በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ይህ ጥያቄ ከሌላው የአገሪቱ ክፍል ይልቅ ይከብዳል። በዚህ አካባቢ ቤት የሚሰነጥቀው ዛፍ ብቻ አይደለምና።

ከተማውና ዛፉ

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀት ላይ የምትገኘው አዳማ የባቡር ሐዲዱን ተከትላ ያደገች ከተማ ናት። ከባሕር ጠለል በላይ 1 ሺህ 600 ሜትር በሚጠጋ ከፍታ ላይ በኮረብቶች መካከል የተቀመጠች በመሆኗ ሙቀቷ ከደጋው ይበልጣል። በዚህም ምክንያት ነዋሪው ዛፍን የሚተክለው በመጀመሪያ ለጥላ፣ ቀጥሎም ለፍሬ ነው። በየግቢው ማንጎ፣ አቮካዶ፣ ኒምና ግራቪሊያ፣ በየመንገዱ ዳር ደግሞ የድሬዳዋ ዛፍና ጃካራንዳ ይታያሉ። በአሮጌ ግቢዎች የሾላና የዋርካ ዝርያዎች፣ እንዲሁም በአጥር ጥግ የተደረደረ ባሕር ዛፍ አይጠፉም። በቢሾፍቱ፣ በሞጆ፣ በመቂ፣ በባቱና በሻሸመኔ ያለውም ገጽታ ከዚህ ብዙ አይለይም።

ችግሩ የመጣው በግቢው መጥበብ ነው። ቀድሞ ዛፉና ቤቱ በሰፊ ግቢ ውስጥ ተራርቀው ይኖሩ ነበር። ይዞታው በውርስና በሽያጭ ሲከፋፈል ግን በመሐል የነበረው ዛፍ ድንበር ላይ ዋለ። አዲሱ ባለይዞታም ቦታውን ሙሉ በሙሉ ለመጠቀም ሲል ግድግዳውን አጥር አስጠግቶ ሠራ። ስለሆነም በብዙ አቤቱታዎች ወደ ቤቱ የመጣው ዛፉ ሳይሆን ወደ ዛፉ የሄደው ቤቱ ሆኖ ይገኛል። ይህ ነጥብ ለጠብ ማባባሻ የሚነገር ሊመስል ይችላል፤ ነገር ግን ከታች እንደሚታየው በሕግም በምህንድስናም ክብደት አለው።

ሥር ምን ያደርጋል፣ ምን አያደርግም

የዛፍ ሥር በአብዛኛው ሰው እንደሚያስበው ወደ ታች ዘልቆ የሚሄድ አይደለም። ከሥሮቹ የሚበዙት በላይኛው አንድ ሜትር አፈር ውስጥ ይገኛሉ፤ ወደ ጎን የሚዘረጉት ግን ከቅርንጫፎቹ ጥላ ውጭ እጅግ ርቀው ነው። ሥር የሚያድገው አየርና እርጥበት ባለበት አቅጣጫ ነው። ጠንካራ መሠረት ሲያጋጥመው በጎኑ ወይም በሥሩ ዞሮ ያልፋል እንጂ አርማታን በኃይል አይበሳም። እየወፈረ ሲሄድ የሚያነሣው ቀላል የሆነውን ነገር ነው። የግቢ ንጣፍ፣ የበር ደረጃ፣ ያለ በቂ መሠረት የቆመ የብሎኬት አጥር፣ የውኃ ቆጣሪ ሳጥን በሥር ሊነሡና ሊሰነጠቁ ይችላሉ። በድንጋይ መሠረትና በአርማታ ቢም ላይ የቆመን ቤት ግን ሥር በቀጥታ ገፍቶ ማንሣቱ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም።

የጭቃ ቤት ጉዳይ ይለያል። ቋሚው እንጨት በቀጥታ መሬት ውስጥ የተተከለና መሠረቱ ጥልቀት የሌለው ቤት፣ ሥር በሥሩ ሲያልፍ ልስኑ ይሰነጠቃል፤ ወለሉም ያብጣል። ሥሩ ሲበሰብስ ደግሞ የሚተወው ክፍተት ለውኃና ለምስጥ መንገድ ይሆናል።

ሌላው የተለመደ ጉዳት በፍሳሽ ቱቦና በሽንት ቤት ጉድጓድ ላይ የሚደርሰው ነው። ሥር ደህና የሆነን ቱቦ አይሰብርም። ይሁን እንጂ መጋጠሚያው ከላላ ወይም ከተሰነጠቀ በሚወጣው እርጥበት ተስቦ እንደ ፀጉር በቀጠነ ሥር ይገባና ውስጥ ገብቶ ይደልባል። ቱቦው ሲደፈን ፍሳሹ ወደ መሠረቱ ይሰርጋል። እንዲህ ባለው ሁኔታ ግድግዳውን የሚጎዳው ውኃው ነው፤ ሥሩ ግን አስቀድሞ የነበረውን የቱቦ ብልሽት ያባባሰ ሁለተኛ ተጠያቂ ይሆናል።

ከሁሉም በላይ መታየት የሚገባው የአፈሩ ዓይነት ነው። በቢሾፍቱና በሞጆ አካባቢ በስፋት፣ በሌሎቹም ከተሞች በረባዳ ቦታዎች የሚገኘው ጥቁር የዋልካ አፈር፣ የአካባቢው ሰው ኮቲቻ የሚለው፣ ቢያንስ 30 በመቶው ሸክላ ነው። በኢትዮጵያ 12 ነጥብ 6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል መሬት እንደሚሸፍን የሚገመተው ይህ አፈር በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በበጋ ደርቆ ይሰነጠቃል። ትልቅ ዛፍ በአጠገቡ ሲኖር በበጋ ወራት እርጥበቱን ከጥልቀት ስለሚስብ በዛፉ በኩል ያለው መሬት ከሌላው ይበልጥ ይሸማቀቃል። የመሠረቱ አንድ ጎን ሲወርድ ሌላው ሲቆም ግድግዳው ይሰነጠቃል። ሥሩ መሠረቱን ሳይነካው ቤት ሊጎዳ የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ይህ የአፈር ጠባይ የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በሸክላ አፈር ላይ በተሠራችው በለንደን እ.ኤ.አ. በ1976 የደረሰውን ድርቅ ተከትሎ የበርካታ ቤቶች መሠረት ወርዶ የኢንሹራንስ ኩባንያዎች በካሳ ጥያቄ ተጥለቅልቀው ነበር። ከተጠያቂዎቹ መካከል የመንገድ ዳር ዛፎች ይገኙበታል።

ዛፉ የማይጠየቅበት ስንጥቅ

በአንጻሩ የአዳማ ከተማ ሰፊ ክፍል ያረፈው በዋልካ ላይ ሳይሆን ከእሳተ ገሞራ በወጣ አመድና ፑሚስ በተባለው ቀላል ድንጋይ ላይ ነው። ይህ አፈር እንደ ዋልካው አያብጥም። ድክመቱ ሌላ ነው፤ ውኃ ሲያገኘው ልል ሆኖ ይቀመጣል፣ ጎርፍም ውስጥ ለውስጥ እየሸረሸረ ባዶ ያስቀረዋል። አዳማ ደግሞ ዙሪያዋን ከከበቧት ኮረብቶች የሚወርደው ጎርፍ የሚያስቸግራት ከተማ ናት። የጣሪያ ውኃ አሸንዳ በሌለው ቤት ጥግ ለዓመታት ሲፈስ፣ ወይም የመንገድ ዳር ቦይ ተደፍኖ ጎርፉ በግቢ ውስጥ ሲያልፍ፣ መሠረቱ ይወርዳል። በዚያው ጥግ ዛፍ ቢኖር ጥፋቱ በዛፉ ላይ ይወድቃል።

ከዚህም የሚገዝፍ ምክንያት አለ። ዋናው የኢትዮጵያ ስምጥ ሸለቆ ምድሩ እየተለጠጠ የሚሄድበት ቀጣና ነው። በዚህ ቀጣና ከከባድ ዝናብ በኋላ ድንገት የሚከፈቱ ረዣዥም የመሬት ስንጥቆች የሥነ ምድር ተመራማሪዎች ለአሥርት ዓመታት ሲያጠኗቸው የኖሩ ክስተቶች ናቸው። ስንጥቁ ከመሬት በታች ለረጅም ጊዜ ተደብቆ ይቆይና ዝናቡ ከላይ የሸፈነውን ልል አፈር ሲያጥበው ይታያል። እርሻም፣ መንገድም፣ ቤትም ሊያቋርጥ ይችላል።

የመሬት መንቀጥቀጡም አለ። ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ በፈንታሌ ተራራ አካባቢ ለወራት የቀጠለው ተከታታይ መንቀጥቀጥ በመተሐራና በአዋሽ አካባቢ ነዋሪዎችን ከቀያቸው ያፈናቀለ ሲሆን፣ ንዝረቱ በአዳማና በአዲስ አበባም ተሰምቷል። ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት የተመዘገበው 5 ነጥብ 7 ገደማ የደረሰ ነበር። ከዚያ ወዲህ በአዳማም ሆነ በአካባቢዋ ባሉ ከተሞች የሚቀርብ የግድግዳ ስንጥቅ አቤቱታ ሲመረመር ስንጥቁ ከዚያ በፊት ነበር ወይስ በኋላ መጣ የሚለው ጥያቄ ሊዘለል አይገባም።

እነዚህን ምክንያቶች ለመለየት የግድ ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። በዛፍ ምክንያት በዋልካ አፈር ላይ የሚመጣ ስንጥቅ አብዛኛውን ጊዜ ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነሥቶ በአግድመት ወደ ላይ ይሄዳል፤ በበጋ ይሰፋል፤ በክረምት መልሶ ይጠባል። በጎርፍ ወይም በፍሳሽ የሚመጣው ግን ከዝናብ በኋላ ይብሳል፤ በበጋም አይመለስም። አንድ ስንጥቅ ከአንዱ ግቢ አጥር ወደ ሌላው፣ ከዚያም ወደ መንገዱ ቀጥ ብሎ ካለፈ ጉዳዩ የሁለት ጎረቤታሞች ሳይሆን የመሬቱ ነው። እንዲህ ያለውን ለሽማግሌ መምራት ጊዜ ማባከን ይሆናል።

የስንጥቁን ጠባይ ለማወቅ የግንባታ ባለሙያዎች የሚጠቀሙበት ቀላል ዘዴ ጄሶ ነው። በስንጥቁ ላይ በሁለትና በሦስት ቦታ ቀጭን የጄሶ መስመር ይለጠፍና ቀኑ ይጻፍበታል። ጄሶው ከተሰነጠቀ ቤቱ አሁንም እየተንቀሳቀሰ ነው፤ ሳይሰነጠቅ በጋና ክረምት ካለፈ ግን ጉዳቱ ያለፈ ነውና መጠገን ይበቃዋል። በየወሩ ስፋቱ ተለክቶ የተጻፈ አንድ ወረቀት በኋላ ላይ ከብዙ ምስክር ይልቅ ይረዳል። ከዚህ ጋር በመሠረቱ ጎን ጠባብ ጉድጓድ አስቆፍሮ ሥሩ በእርግጥ እስከ መሠረቱ መድረሱን፣ ውፍረቱንና አፈሩ እርጥብ ወይም ደረቅ መሆኑን ማየት ይገባል። ሥር ሳይታይ በሥር መካሰስ በእነዚህ ከተሞች የተለመደ ነው።

ሕጉ የሚለው

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የኢትዮጵያ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ጎረቤታሞች ግንኙነት የሚደነግጋቸው አንቀጾች አሉት። በቁጥር 1225 ባለሀብት የሆነ ሰው በሀብቱ ሲሠራበት በጎረቤቱ ላይ ሁከትና ጉዳት እንዳያደርስ ተከልክሏል። መሬት በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 የመንግሥትና የሕዝብ በመሆኑ በከተማ ያለ ሰው የመሬቱ ባለይዞታ እንጂ ባለቤት አይደለም። ይህ ግን በይዞታው ላይ ስላለው ዛፍ ከሚመጣበት ኃላፊነት ነፃ አያወጣውም።

ጉዳት እየደረሰበት ያለ ሰው ሁለት ዓይነት ጥያቄ ሊያቀርብ ይችላል። የመጀመሪያው በቁጥር 1149 መሠረት የሚቀርበውና በፍርድ ቤቶች ዘንድ የሁከት ይወገድልኝ ክስ በመባል የሚታወቀው ነው። ይህ ክስ የሚጠይቀው ድርጊቱ እንዲቆም ነው። ሁለተኛው ከውል ውጭ በሚደርስ ኃላፊነት የሚጠየቅ ካሳ ሲሆን፣ በቁጥር 2028 በጥፋቱ በሌላው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሰው እንዲክስ ያስገድዳል። የካሳው መጠን በቁጥር 2091 መሠረት ከደረሰው ጉዳት ጋር እኩል መሆን አለበት። ጉዳቱ በከፊል የደረሰው በተጎጂው በራሱ ጥፋት ከሆነ ግን በቁጥር 2098 መሠረት ካሳው በዚያው ልክ ይቀነሳል። ቆሞ ያገኘውን ትልቅ ዛፍ አስጠግቶ ያለ በቂ መሠረት የሠራ ሰው ይህ ድንጋጌ ሊጠቀስበት እንደሚችል አስቀድሞ ማወቅ ይኖርበታል።

በእነዚህ ጉዳዮች ብዙ ባለጉዳዮችን የሚጎዳው ግን የሕጉ ይዘት ሳይሆን የጊዜ ገደቡ ነው። የሁከት ክስ ሁከቱ ከተፈጸመበት ቀን አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ፣ የካሳ ክስም በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ጊዜ አንሥቶ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ጎረቤታሞች በሽማግሌ ሲመላለሱ ይህ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል። ድርድር ላይ መሆን በራሱ ይርጋውን ያቆመዋል ብሎ መተማመን አደገኛ ነው። አቤቱታ የሚቀበል የቀበሌ ወይም የማዘጋጃ ቤት ሠራተኛ ይህን አንድ ነጥብ ለባለጉዳዩ ቢነግረው ትልቅ አገልግሎት ሰጥቶታል።

የጽሑፍ ማስታወቂያም ክብደት አለው። ባለዛፉ ጉዳቱን ሳያውቅ ቆይቶ ከሆነና ካወቀ በኋላም ምንም ሳያደርግ ከቀረ ሁለቱ ሁኔታዎች አንድ አይደሉም። የእንግሊዝ የጌቶች ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2001 የሰጠው ውሳኔ በዚህ ረገድ ይጠቀሳል። በምዕራብ ለንደን የመንገድ ዳር ዛፍ ሥር ያደረቀው ሸክላ አፈር የመኖሪያ ሕንፃዎችን በመሰንጠቁ ባለሕንፃዎቹ ዛፉ እንዲነሣ ለዌስትሚንስተር ከተማ ምክር ቤት አመልክተው ነበር። ምክር ቤቱ ዛፉን ባለማንሣቱ መሠረቱን ለማጠናከር የወጣውን ከ570 ሺህ ፓውንድ በላይ እንዲከፍል ተወስኖበታል። ለውሳኔው መሠረት የሆነው ምክር ቤቱ ችግሩ ተነግሮት፣ እርምጃ ለመውሰድም በቂ ጊዜ አግኝቶ የነበረ መሆኑ ነው። ውሳኔው በኢትዮጵያ ፍርድ ቤቶች ላይ ተፈጻሚነት የለውም፤ የጽሑፍ ማስታወቂያን ጥቅም ግን በግልጽ ያሳያል።

ሥሩን ራስ ቆርጦ መጨረስስ? የኢትዮጵያን የፍትሐ ብሔር ሕግ ያረቀቁት ፈረንሳዊው የሕግ ሊቅ ሬኔ ዳቪድ በመሆናቸው የሕግ ባለሙያዎች አንዳንድ ጊዜ የፈረንሳይን ሕግ ለማነጻጸሪያ ይመለከታሉ። በፈረንሳይ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 673 ወደ ግቢው የገባን ሥር ባለግቢው እስከ ድንበሩ ድረስ ራሱ መቁረጥ ይችላል፤ ቅርንጫፍን ግን ጎረቤቱ እንዲቆርጥ ይጠይቃል እንጂ ራሱ አይነካም። በኢትዮጵያ በራሱ ይዞታ ውስጥ ሥር የቆረጠ ሰው ዛፉ ሚዛኑን ስቶ በጎረቤት ቤት ወይም በሰው ላይ ቢወድቅ ጥፋቱ ወደ እርሱ ሊዞር እንደሚችል መገንዘብ ይኖርበታል። የጎረቤትን ግቢ ገብቶ መቁረጥ፣ ልጡን መላጥ፣ በሥሩ ጨው ወይም ናፍጣ ማፍሰስ ደግሞ የሰው ንብረት ማበላሸት በመሆኑ በወንጀል ሕግ ያስጠይቃል። ይህ የሌሊት ሥራ በየከተማው የሚወራ ነው፤ ዛፉ ከደረቀ በኋላ የሚመጣው ጠብ ግን ከሥሩ ጠብ የከፋ ይሆናል።

ፍርድ ቤት በበኩሉ ጉዳዩን በምስክር ቃል ብቻ አይጨርስም። ቦታውን ባለሙያ እንዲያየው ማዘዝ፣ አስቸኳይ ሲሆንም በ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 154 መሠረት ጊዜያዊ እግድ መስጠት ይችላል። እግዱ በሁለቱም በኩል ያገለግላል፤ ዛፉ ክርክሩ ሳያልቅ እንዳይቆረጥ ባለዛፉም ሊጠይቀው ይችላል።

የሽማግሌው ሚና

በኦሮሚያ ጎረቤታሞች ከፍርድ ቤት በፊት የሚሄዱት ወደ ጃርሱማ ነው። ክልሉ በ2013 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 240 የባህል ፍርድ ቤቶች ሕጋዊ ዕውቅና አግኝተው እንዲቋቋሙ ካደረገ ወዲህ ይህ መንገድ ይበልጥ መልክ ይዟል። ለዛፍ ሥር ጉዳይ ጃርሱማ ከፍርድ ቤት የሚሻልበት ምክንያት አለው። ፍርድ ቤት የሚወስነው ለአንዱ ነው፤ ሽማግሌ ግን ቁርጡን ሳይሆን ወጪውን ማካፈል ይችላል። ባለዛፉ ቅርንጫፉን በየዓመቱ ሊያሳጥር፣ ባለቤቱ የጣሪያ አሸንዳውን ሊሠራ፣ የቦይ ቁፋሮውን ወጪ ሁለቱ እኩል ሊከፍሉ ይስማማሉ።

ድክመቱም መነገር አለበት። ሽማግሌዎች አፈር አይመረምሩም። ሥሩ ጥፋተኛ ያልሆነበትን ስንጥቅ በእርቅ ቢጨርሱት ዛፉ ይወድቃል፤ ቤቱም መሰንጠቁን ይቀጥላል። በመሆኑም የቀበሌው ወይም የማዘጋጃ ቤቱ የግንባታ ባለሙያ ከሽማግሌዎቹ ጋር በቦታው ቢገኝ ይመረጣል። ስምምነቱ በጽሑፍ መስፈር፣ ምን፣ በማን ወጪ፣ እስከ መቼ እንደሚሠራ መዘርዘርና በሁለቱ ወገኖችና በምስክሮች መፈረም አለበት። በቃል የታረቁ ጎረቤታሞች አንዱ ቤቱን ሲሸጥ ወይም ሲያወርስ ጠቡ እንደገና ይጀመራል፤ አዲሱ ባለይዞታ የሚያውቀው ነገር የለምና።

ከመጋዙ በፊት

ሥሩ በእርግጥ ምክንያት መሆኑ ከተረጋገጠም ግንድ መቁረጥ የመጨረሻው አማራጭ ነው። በዋልካ አፈር ላይ ይህ ጥንቃቄ በተለይ ያስፈልጋል። ዛፉ ለዓመታት ያደረቀው መሬት ዛፉ ሲነሣ በተከታታይ ክረምቶች ውኃ ጠጥቶ መልሶ ያብጣል። ቤቱ ከዛፉ በፊት የተሠራ ከሆነ መሬቱ ወደ ነበረበት ስለሚመለስ ብዙ ጊዜ አያስጨንቅም። ዛፉ ከቤቱ ቀድሞ ከነበረና ቤቱ በደረቀው መሬት ላይ ከተሠራ ግን እብጠቱ መሠረቱን ወደ ላይ ሊያነሣው ይችላል። መውረዱን የጠገነ ሰው መነሣቱን ያገኘዋል። ማን ቀድሞ ነበር የሚለው የጎረቤታሞቹ ክርክር ትርጉም የሚያገኘው እዚህ ላይ ነው።

የሚቻለው ቅርንጫፍን በመጠኑ አሳጥሮ የዛፉን የውኃ ፍላጎት መቀነስ ነው። ሌላው በዛፉና በቤቱ መካከል እስከ አንድ ሜትር የሚጠልቅ ጠባብ ቦይ ቆፍሮ በወፍራም ፕላስቲክ ወይም በቀጭን አርማታ ሥር መከለያ ማበጀት ነው። ቦይው ለግንዱ እንዳይቀርብ ያስፈልጋል። የእንግሊዝ የግንባታ መመዘኛ በሥራ ወቅት ሳይነካ እንዲጠበቅ የሚያዘው የሥር ክልል የግንዱን ውፍረት 12 እጥፍ ርቀት የሚሸፍን ነው፤ የግንዱ ስፋት 30 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ዛፍ 3 ሜትር ከ60 ማለት ነው። በጠባብ የከተማ ግቢ ይህን ሁሉ ማግኘት ያስቸግራል። ሆኖም በአንድ ጎን ወፋፍራም ሥሮቹ በሙሉ የተቆረጡበት ዛፍ በሚያዝያና በግንቦት ነፋስ ሊወድቅ እንደሚችል ታስቦ ቅርንጫፉ አብሮ መቃለል አለበት።

ቱቦ ከሆነ የተጎዳው መፍትሔው ቀላል ነው። የላላው መጋጠሚያ ይቀየር፤ ሥሩ የሚፈልገው እርጥበት ሲቀር ተመልሶ የሚመጣበት ምክንያት ይቀንሳል። ቱቦውን ሳይቀይሩ ሥሩን ብቻ እየጎተቱ ማውጣት በየዓመቱ የሚደገም ሥራ ነው።

የመንግሥት ዛፍ፣ የመንግሥት ቤት

ከግለሰቦች ጉዳይ ይልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችን የሚያስቸግሩ ሁለት ሁኔታዎች አሉ። ዛፉ በመንገድ ዳር ወይም በትምህርት ቤትና በጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ከሆነ ባለዛፉ መሥሪያ ቤቱ ነው። አቤቱታው በመዝገብ ሊገባ፣ ቦታው ሊታይ፣ መልሱም በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል። አቤት ባዩ ካስታወቀ በኋላ ፋይሉ ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲዞር ቤቱ ቢፈርስ መሥሪያ ቤቱ አላውቅም ነበር ሊል አይችልም። የተጎዳው ቤት የቀበሌ ቤት ከሆነ ደግሞ ተከራዩ ሥሩን ከመቆፈሩ በፊት ለአከራዩ አካል ማሳወቅ ይኖርበታል። መሠረቱ የእርሱ አይደለምና።

ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ በአረንጓዴ አሻራ መርሐ ግብር በከተሞች የሚተከለው ችግኝ ጨምሯል። በዚያ ዓመት ሐምሌ 22 ቀን ብቻ ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉን መንግሥት አስታውቋል። በመሥሪያ ቤት ግቢዎች የተተከሉት የተወሰኑት በአጥር ሥር የተደረደሩ ናቸው። ችግኝ ሲተከል ትንሽ ስለሚመስል ከአጥሩ አንድ ሜትር ርቀት ይበቃዋል ይባላል። ከአሥር ዓመት በኋላ ግን ግራቪሊያው ከጣሪያ ይበልጣል። ለባሕር ዛፍና ለሾላ ዝርያዎች ዛፉ አድጎ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከማንኛውም ግድግዳ መራቅ ለጥንቃቄ ይመረጣል። ለጠባብ ግቢ ፓፓያ፣ ሎሚና ዘይቱን ይሻላሉ። ያለቦታቸው የተተከሉትን ገና በሁለተኛና በሦስተኛ ዓመታቸው ነቅሎ ማዛወር የሚጠይቀው አንድ ሠራተኛና አንድ ዶማ ሲሆን፣ ለዚህ የሚመቸው ጊዜ አፈሩ የሚርስበት የሐምሌ ወር ነው።